ገና በናይሮቢ፦ የ13 ቀን ልዩነትና የእኛ ኑሮ



የማኅበራችንን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ ምክንያት በማድረግ በሚወጣው በዚህ መጽሔት ላይ «በዓል በናይሮቢ እንዴት ሲከበር እንደኖረ እርስዎ ይጻፉልን» ብሎ የዝግጅት ኮሚቴው ሲጠይቀኝ፣ የታሪክ ምሁር ባልሆንም በደስታ ተቀብያለሁ። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ እንጀራዬም ሱቅ ነው። ይሁን እንጂ በዓል ከቤተ እምነትና ከቤት ቀጥሎ ጎልቶ የሚታየው ሱቅ ውስጥ ነው። ማን ስንት ኪሎ በርበሬ እንደገዛ፣ ማን በዱቤ እንደወሰደ፣ ማን ከዓምናው ቀንሶ እንደገዛ፣ ማን ደግሞ ጭራሽ ሳይመጣ እንደቀረ ባለ ሱቅ ያውቃል። ወደ 30 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ኢስሊ ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ያየሁትን፣ ከታላላቆቻችን የሰማሁትንና በታሪክ የታወቀውን አንድ ላይ አድርጌ ልጆቻችን እንዲያነቡት በአጭሩ አቀርባለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ «ዓ.ም.» የሚል ያለባቸው ግን የራሳችን ናቸው።

ከተማዋና እኛ

እንደሚታወቀው ናይሮቢ የባቡር ሐዲድ የወለዳት ከተማ ናት። ከሞምባሳ ተነስቶ ወደ ኡጋንዳ ይዘረጋ የነበረው ሐዲድ በ1899 እዚህ ረግረጋማ ሜዳ ላይ ሲደርስ የሠራተኞች ሰፈር ተተከለ፤ ከ1905 ጀምሮም የእንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። አዲስ አበባ በ1886 የተቆረቆረች ስለሆነች ለናይሮቢ የ13 ዓመት ታላቋ ናት ማለት ነው።

የእኛ ሰው ወደዚህ አገር መምጣት የጀመረው ብዙዎቻችን እንደምናስበው በደርግ ዘመን አይደለም። ድንበር ላይ ያሉት ቦረናዎች ድንበር ሳይሰመር ጀምሮ በሁለቱም ወገን የኖሩ ናቸው። ከዚያም በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ፣ በደቡብ በኩል ሲዋጉ የነበሩ አርበኞች ከነቤተሰቦቻቸው ተሻግረው ኬንያ ገቡ። ከጣሊያን ጦር የከዱ ኤርትራውያን ወታደሮችም አብረዋቸው ነበሩ። እንግሊዞች እነዚህን ስደተኞች በመጀመሪያ ኢሲዮሎ፣ በኋላም ከታንጋኒካ ድንበር አጠገብ ታቬታ በሚባል ስፍራ ካምፕ አስቀመጧቸው። ስለዚህ በዚህ አገር ምድር በስደት ሆነው ገናንና ፋሲካን ያሳለፉት የመጀመሪያዎቹ ብዙ ኢትዮጵያውያን እነርሱ ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም። በ1941 ከኬንያ የተነሳው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር በሞቃዲሾና በሐረር አድርጎ ኤፕሪል ወር ላይ አዲስ አበባ ሲገባ የስደቱ ዘመን አበቃ።

ኬንያ በዲሴምበር 12 ቀን 1963 ነፃነቷን ስትቀዳጅ የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ጠነከረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ኬንያን ጎበኙ። ዛሬ በመሃል ከተማ በሐዲዱ አጠገብ የሚያልፈው ትልቁ ጎዳና በስማቸው ይጠራል፤ ኪሊማኒ ውስጥ ደግሞ የምኒልክ መንገድ አለ። ልጆቻችን በእነዚህ መንገዶች በማታቱ ሲያልፉ ስሞቹ የእነርሱም ታሪክ መሆናቸውን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

የዛሬው ማኅበረሰባችን ግን በአብዛኛው ከ1974ቱ አብዮት ወዲህ የመጣ ነው። በ1977 እና በ1978 የቀይ ሽብር ጊዜ በሞያሌ በኩል በእግራቸው የተሻገሩ ወጣቶች ነበሩ። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ደግሞ ወታደሩም፣ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም በብዛት ገባ። የእኔም መምጣት በዚያው ዓመት ነው። ያኔ ድንበሩ አጠገብ ዋልዳ የሚባል ካምፕ ነበር፤ ከናይሮቢ ወጣ ብሎም ቲካ ላይ የስደተኞች መቀበያ ነበር። ሁለቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲዘጉ ከፊሉ በ1992 ወደ ተከፈተው ካኩማ ሄደ፣ ከፊሉ ናይሮቢ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለንግድ፣ ለትምህርት፣ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ለመሥራት የመጡ ተጨመሩበት። ኢስሊ፣ ኪሊማኒና ሀርሊንግሃም የእኛ ሰፈሮች የሆኑት እንዲህ ነው።

13ቱ ቀን ከየት መጣ?

ልጆቻችን በየዓመቱ የሚጠይቁን ጥያቄ አንድ ነው። «ለምን የእኛ ገና ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ይመጣል?» እውነቱን ለመናገር ብዙ ወላጅ የሚመልሰው «የእኛ እንዲህ ነው» ብሎ ነው። ስለዚህ ነገሩን ባጭሩ ማስረዳት ተገቢ ይመስለኛል።

የጥንቱ የሮማውያን አቆጣጠር፣ ዩልዮስ ቄሳር የደነገገው፣ ልክ እንደ እኛው በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምር ነበር። ይህ ግን ከፀሐይ ዑደት ጋር በትክክል አይገጥምም፤ በየዓመቱ ጥቂት ደቂቃዎች እየተረፉ በብዙ መቶ ዓመት ውስጥ ቀኖች ይሆናሉ። በ1582 የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ ይህንን ለማስተካከል 10 ቀን ሰረዙ፤ ከኦክቶበር 4 በማግሥቱ ኦክቶበር 15 ሆነ። ከዚያም በመቶ ዓመቶቹ መዝጊያ፣ ለ400 በማይካፈሉት ዓመቶች፣ ተጨማሪዋ ቀን እንድትቀር ወሰኑ። እኛ የጥንቱን ስላልተውን ልዩነቱ እየሰፋ ሄደ። እስከ 1900 ድረስ ገና የሚውለው በጃንዋሪ 6 ነበር። ከዚያ ወዲህ በጃንዋሪ 7 ይውላል። የባቡሩ ሐዲድ ናይሮቢ የደረሰው በ1899 መሆኑን ስናስብ፣ ይህች ከተማና የ13 ቀኑ ልዩነት እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል። ከ2101 ጀምሮ ደግሞ ልዩነቱ 14 ቀን ስለሚሆን የልጅ ልጆቻችን ገናን በጃንዋሪ 8 ያከብራሉ።

በእኛ አቆጣጠር ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። ይህም የሆነበት ምክንያት በዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ አንድ ቀን ወደ ኋላ፣ ወደ ሴፕቴምበር 12፣ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ለምንኖር ሰዎች ገና ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ላይ ነው፤ የካሌንደር ጣጣ የለበትም። ጣጣው ሌላ ነው።

የናይሮቢ ዲሴምበር

ጣጣው ከተማዋ የምትደሰትበት ጊዜና እኛ የምንደሰትበት ጊዜ አለመግጠሙ ነው።

ናይሮቢ በዲሴምበር እንዴት እንደምትሆን ለማናችንም አይጠፋንም። የነፃነት በዓል ከሆነው ዲሴምበር 12 ጀምሮ ሰው ሻንጣውን ማዘጋጀት ይጀምራል። ኬንያዊ ናይሮቢ ቢወለድ እንኳ «ኡሻጎ» የሚለው የአባቱ አገር አለው። ለክሪስማስ ወደዚያው ይሄዳል። የአውቶቡስ ዋጋ እጥፍ ይሆናል፣ የማቻኮስ አውቶቡስ ተራ መቆሚያ ይጠፋበታል። በሱቄ ያለው የቻፓቲ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሩዝና ሶዳ በአንድ ሳምንት ያልቃል። ደንበኞቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ክሪስማሲ ኡናኤንዳ ዋፒ?» ለገና ወዴት ትሄዳለህ ማለታቸው ነው። እንደመጣሁ ሰሞን ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። የእኔ ኡሻጎ ከሞያሌ ማዶ ነበር፤ ወደዚያም መሄድ አይቻልም ነበር።

ዲሴምበር 24 ማታ ከተማዋ ጭር ትላለች። በማግሥቱ 25 እና 26 ሱቅ ዝግ፣ መንገዱ ባዶ ነው። ጎረቤት የሌለበት ሰፈር ምን ያህል እንደሚከብድ በስደት ያልኖረ አያውቀውም። ታላላቆቻችን እንደሚያወሩት በ1980ዎቹ የነበሩት ጥቂት አበሾች በዚያ ቀን ከየቤታቸው ወጥተው እርስ በርስ ይፈላለጉ ነበር። በዓላቸው ሆኖ ሳይሆን ብቸኝነቱን ለመሸሽ ነው። የማኅበራችን መሠረት የተጣለው በዚያ መፈላለግ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ ሃይማኖት ዲሴምበር 25 ጾም ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይጾማል፤ በዚያን ቀን ገና ታኅሣሥ 16 ላይ ነን። ወደ ኡሻጎ ያልሄደች ጎረቤት ግን ደግነት አይጎድላትምና፣ የተጠበሰ ሥጋና ቻፓቲ በሰሃን አድርጋ በር ታንኳኳለች። ምን ይደረግ? መመለስ ነውር ነው፤ መብላት አይቻልም። በዚህ የተነሳ በየቤቱ ብዙ ክርክር ተደርጓል። ከጊዜ በኋላ ግን አንድ ልማድ ወጣ። ሰሃኑን በምስጋና ተቀብሎ፣ ጾሙ የማይመለከታቸውን ሕፃናት አብልቶ ወይም ለሌላ አካፍሎ፣ ባዶውን ሰሃን አጥቦ ማስቀመጥ። ከዚያም በጃንዋሪ 7 ያንኑ ሰሃን በዶሮ ወጥና በእንጀራ ወይም በድፎ ዳቦ ሞልቶ መመለስ። በእኛም በእነርሱም ባህል የጎረቤት ሰሃን ባዶውን አይመለስምና ይህ ለሁሉም ገባው። እንዲያውም አሁን አሁን ከጃንዋሪ መግቢያ ጀምሮ «የእናንተ ክሪስማስ ደረሰ ወይ?» እያሉ የሚጠይቁን እነርሱ ናቸው። ምክንያትም አላቸው። ኬንያውያን ጃንዋሪን «ንጃኑዋሪ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ «ንጃ» በስዋሂሊ ረሃብ ነው። ገንዘቡ በዲሴምበር አልቆ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ መጥቶ ኪስ በሚደርቅበት ሰዓት ነው የእኛ ዶሮ ወጥ የሚሸተው።

የበዓሉ ማዕድ ታሪክ

ከዚህ ላይ ስለ ዕቃው ሳልናገር ባልፍ ባለ ሱቅ መሆኔ ምን ጥቅም አለው? ዛሬ በየሱቃችን ጤፉም፣ በርበሬውም፣ ሽሮውም፣ ኮረሪማውም ተደርድሮ ለሚያዩ ልጆች ሁልጊዜ እንዲህ የነበረ ይመስላቸዋል። አልነበረም።

ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኢሲዮሎ ወዲያ ያለው መንገድ ለብዙ ዘመን ኮረኮንች ነበር። የጭነት መኪና በማርሳቢት አድርጎ በዚያ በረሃ ለማለፍ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ ሽፍታ ስለሚፈራም መኪኖች ተጠባብቀው በአጀብ ነበር የሚጓዙት። ዝናብ ከጣለ ደግሞ እዚያው ጭቃ ውስጥ ያድራሉ። በርበሬ የሚመጣው በዚህ መንገድ ወይም በአውሮፕላን ከሚመጣ ሰው ሻንጣ ነበር። ስለዚህ በ1990ዎቹ አንድ ኪሎ በርበሬ ለሁለት ቤት መካፈል የተለመደ ነው። ጤፍ ሲጠፋ እናቶቻችን በዊምቢ፣ ማለትም በዳጉሳ፣ በማሽላና በስንዴ ዱቄት እየደባለቁ እንጀራ ጋገሩ። አንዳንዷ ሩዝ ትጨምርበት ነበር። በ2006 የኢትዮጵያ መንግሥት የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ሲከለክል ችግሩ ባሰ፤ የሴቶቻችን የመደባለቅ ሙያ ግን በዚያው ልክ ከፍ አለ። የዊምቢ እንጀራ ዛሬም ጤፍ እያለ የሚመርጡ አሉ።

ሽንኩርቱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። የዚህ አገር ቀይ ሽንኩርት ትልልቅና ውኃ የበዛበት ስለሆነ እንደ አበሻ ሽንኩርት ቶሎ አይበስልም፤ ብዙ ማቁላላት ይፈልጋል። የፈረንጅ ዶሮ ደግሞ በወጥ ውስጥ ይፈርሳል። ለዚህ ነው የገና ሰሞን የእኛ ሴቶች ሁሉ «ኪዬኒዬጂ» የሚሉትን የአገሩን ዶሮ የሚሻሙት። የናይሮቢ ዶሮ ነጋዴዎችም ይህንን ስለተረዱ በጃንዋሪ የመጀመሪያ ሳምንት ዋጋ መጨመር ለምደዋል። እኔ አልፈርድባቸውም፤ ነጋዴ ነኝ።

ስለ ቅርጫም መነገር አለበት። በአገራችን ጎረቤታሞች ተዋጥተው በሬ ገዝተው ይከፋፈላሉ። እዚህ ከተማ ውስጥ በየግቢው ማረድ አይፈቀድም፤ ሥጋ በታወቀ ቄራ ታርዶ በሐኪም ታይቶ ማኅተም ሊመታበት ይገባል። ስለዚህ የእኛ ሰዎች ዳጎሬቲ ወዳሉት ቄራዎች ሄደው በሬውን መርጠው፣ በእምነታቸው ሥርዓት አሳርደው፣ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ቤት ሆነው መካፈል ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ቅርጫዎች ገንዘብ ሰብሳቢ፣ የማኅበራችን የመጀመሪያ ገንዘብ ያዥ ሆነው እንደተመረጡ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሥጋን በትክክል ያካፈለ ሰው በገንዘብ ይታመናል ተብሎ ነው።

ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አስፋልቱ ሞያሌ ደረሰ፤ በዲሴምበር 2020 ደግሞ በሞያሌ የሁለቱ አገሮች የጋራ መቆጣጠሪያ ጣቢያ ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ማግኘት ቀለለ። ስልኩም እንዲሁ ነው። በ1990ዎቹ ለገና እናትን በስልክ «እንኳን አደረሰሽ» ለማለት ሳንቲም አጠራቅሞ፣ ተሰልፎ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ አልቅሶ መጨረስ ነበር። በ2007 ኤም-ፔሳ ኬንያ ውስጥ ሲጀምር እርስ በርስ መረዳዳት ቀለለ። በ2022 ሳፋሪኮም፣ በ2023 ደግሞ ኤም-ፔሳ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ዛሬ ልጆቻችን አያቶቻቸውን በስልክ ፊት ለፊት እያዩ ያነጋግራሉ። ይህን ሁሉ የምጽፈው ያለፈውን ለማማረር ሳይሆን፣ በዓሉ በሌለበት ጊዜ እንኳ እንዳልተቋረጠ ለማሳየት ነው።

ሁለት ከባድ በዓላት

በዓል የሚፈተነው በደህና ጊዜ አይደለም። ከኖርንባቸው ዓመታት ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የ2000 ዓ.ም. ገና ነው። ያ ዓመት ሚሌኒየማችን ነበር፤ በሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 እንቁጣጣሽን በታላቅ ደስታ ተቀብለን ነበር። ዲሴምበር 27 ቀን 2007 በኬንያ ምርጫ ተደረገ፤ ዲሴምበር 30 ውጤቱ ሲነገር አገሩ ታመሰ። ከኢስሊ ጎን ያለው ማታሬ፣ ኪቤራና ሌሎችም ሰፈሮች ጭስ ዋጣቸው። በሁለት ወር ውስጥ ከ1,000 በላይ ሰው ሞተ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ሰኞ ቀን ነበር። ትራንስፖርት በወጉ አልነበረም፣ ዱቄትና የስልክ ካርድ ጠፍቶ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ለማደር የደፈረው ጥቂት ሰው ነበር። ያን ዕለት ግን በሰፈሬ ያየሁት አይረሳኝም። ያላት ለሌላት ሽሮ አካፈለች፤ ዶሮ የሚባል ነገር አልተነሳም። ሁለት ከማይስማሙ ብሔረሰቦች የሆኑ ኬንያውያን ጎረቤታሞች እኛ ቤት በአንድ ትሪ ቀርበው በሉ። የፌብሩዋሪ 28 ቀን 2008ቱ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ሌላ ቦታ አብረው ሊበሉ አይችሉም ነበር። የእኛ ባዕድነት፣ ያን ቀን ብቻ፣ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

ሁለተኛው የ2012 ዓ.ም. ፋሲካ ነው፤ ኤፕሪል 19 ቀን 2020 ማለት ነው። ኮሮና ገብቶ ከማርች መጨረሻ ጀምሮ የሰዓት እላፊ ታውጆ ነበር፤ ከኤፕሪል 6 ጀምሮ ደግሞ ከናይሮቢ መውጣትም መግባትም ተከልክሏል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ተዘግቷል። የትንሣኤን ሌሊት ሰው በየቤቱ በስልክ ቅዳሴ እያዳመጠ አሳለፈ። የማኅበራችን ወጣቶች ከማለዳ ጀምሮ ለብቻቸው ለሚኖሩ ሽማግሌዎችና ሥራቸው ለተዘጋባቸው እህቶች ምግብ በር ድረስ አደረሱ። ሰዓት እላፊው ከመድረሱ በፊት ሁሉም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ነፍሳቸውን ይማር።

በዓሉን ወደ እሑድ ማዛወር ወይስ አለማዛወር?

በማኅበራችን ታሪክ ውስጥ እጅግ ያከራከረን ጉዳይ የገንዘብም የፖለቲካም አልነበረም፤ የገና ቀን ጉዳይ ነው።

የኬንያ ትምህርት ቤቶች አዲሱን ዓመት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ገና ብዙ ጊዜ ከትምህርት መክፈቻ ጋር ይጋጫል። ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ሲቀር መምህሩ ይቆጣል፤ ወላጅም ተቀጣሪ ከሆነ ፈቃድ አያገኝም። በዚህም የተነሳ አንዳንድ ወላጆች «በዓሉን ለሚቀጥለው እሑድ እናዛውረው፤ ልጆቻችን በዓሉን በእንቅልፍና በድካም ሳይሆን በደስታ ይወቁት» አሉ። አባቶችና እናቶች ደግሞ «ቀኑን ከተውን ምን ቀረን? ቋንቋውን ልጆቹ እየረሱት ነው፤ ቀኑንም ከረሱት ገና ማለት ተራ የእሑድ ግብዣ ይሆናል» ብለው ተቃወሙ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። በስብሰባ ላይ ድምፅ ከፍ ብሎ፣ አኩርፎ የወጣም ነበር።

በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ ዛሬ የምናውቀው ነው። ቀኑ ቀኑ ነው፤ ቅዳሴውና የቤት ማዕዱ በጃንዋሪ 7 በዕለቱ ይከበራል፣ ተማሪዎችም ከትምህርት ሲመለሱ ይቀመጡበታል። የማኅበሩ የጋራ ግብዣ ግን በሚቀጥለው እሑድ ይደረጋል። ለልጆችም የገና ጨዋታ ተጀመረ። እንደምታውቁት በገና ጨዋታ ሩሩን በበትር እየመቱ ሲጫወቱ ጌታና ሎሌ እኩል ናቸው። እዚህ የተወለዱ ልጆች ይህን ሲያዩ «ይሄማ ሆኪ ነው!» ብለው ሳቁብን፤ ከዚያ ግን በአንድ ጊዜ አሸነፉን። በ2024 ጃንዋሪ 7 እሑድ ቀን በመዋሉ ሁለቱም ወገን «እኔ ያልኩት ሆነ» አለ። እንዲህ ያለ ዓመት እንደገና የሚመጣው በ2029 ነው፤ እስከዚያው ሁለት ጊዜ መብላት ማንንም አልጎዳም።

የሙስሊም ወገኖቻችንን ነገር በዚህ አጋጣሚ ማንሳት እወዳለሁ። ለእነርሱ ይህ የካሌንደር ጣጣ የለባቸውም። ዒድ በጨረቃ ስለሆነ ከከተማው ሙስሊም ጋር አብረው ያከብራሉ፤ ዒድ አል-ፊጥር በኬንያ የመንግሥት በዓልም ነው። ሆኖም በጃንዋሪው እሑድ ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ፤ እኛም በዒዳቸው እነርሱ ቤት ነን። ለእነርሱ የሚሆን ሥጋ ለብቻው ታርዶ በተለየ ድስት እንዲሠራ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ተወስኖ እስከ ዛሬ ሳይዛነፍ ቆይቷል።

ባዶ ወንበሮች

ናይሮቢ ለብዙዎቻችን መተላለፊያ ናት። በየዓመቱ የገና ግብዣ ላይ የአምናው ሰው ይጎድላል። አንዱ አሜሪካ፣ አንዷ ካናዳ፣ ሌላው አውስትራሊያ ሄዷል። ለሄዱት ደስ ይለናል፤ የዱቤ መዝገቤ ላይ ስማቸውን ሰርዤ «መልካም መንገድ» ብዬ ሸኝቻለሁ። ነገር ግን ከኋላ የሚቀረው ሰው በየዓመቱ ማኅበሩን እንደገና መገንባት አለበት። ሰዎቹ እየተለዋወጡ ማኅበሩ 25 ዓመት መቆየቱ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የሚያሳስበኝ ግን አለ። ልጆቻችን ስዋሂሊና እንግሊዝኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ አማርኛው ግን ከወጥ ቤት አያልፍም። ዲሴምበር 25 የጓደኞቻቸው በዓል ስለሆነ ያምራቸዋል፤ ይህም የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ልጅ ሁሉ ሰው ሲደሰት ብቻውን መቆም አይወድም። እኔ የምለው፣ በዲሴምበር ከጓደኞቻቸው ጋር ይደሰቱ፣ ጃንዋሪ 7 ግን የእነርሱ መሆኑን ምክንያቱን አውቀው ይያዙት። «የእኛ እንዲህ ነው» የሚለው መልስ ለእኛ ዘመን በቅቶን ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ለተወለደ ልጅ አይበቃውም።

ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ ዓመት ሦስት ነገር ለማሳሰብ እወዳለሁ። አንደኛ፣ በየቤታችሁ ያለውን የድሮ የበዓል ፎቶግራፍ ከጀርባው ላይ ስምና ዓመት ጻፉበት፤ ከአሁን በኋላ የሚያስታውስ ሰው እያነሰ ነው። ሁለተኛ፣ ከ1991 በፊት የመጡትን አባቶችና እናቶች ልጆቻችሁ በሚቀጥለው ገና ሄደው ይጠይቋቸው፤ የሚነግሩትንም በስልካቸው ይቅረጹ። ሦስተኛ፣ የጎረቤትን ሰሃን መመለስ አትተዉ። በዚህች ከተማ ያከበረን ገንዘባችን ወይም ብዛታችን አይደለም፤ በንጃኑዋሪ የሞላነው ሰሃን ነው።

 ካኩማ ላሉትም፣ በሩቅ አገር ላሉትም፣ አገር ቤት ላሉትም እግዚአብሔር ሰላሙን ይስጣቸው።

እንኳን ለ25ኛው ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! ለ50ኛውም ያድርሰን!

ባለ ሱቁ የማኅበሩ አባል
ኢስሊ፣ ናይሮቢ